ቀይ ቀበሮ፦ ማኅበራዊ ኑሮው፣ አደኑና የእብድ ውሻ በሽታ

ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉ ውርጫማ አምባዎች ይኖራል። በዘር ሐረጉ ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ ይቀርባል። ለመራባት የደረሱት 500 ገደማ ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ሲገኙ፣ ቀሪዎቹ በአርሲ፣ በስሜን፣ በደቡብ ወሎና በመንዝ ጓሳን በመሰሉ ከፍታዎች ተበታትነው ይኖራሉ። እርሻ ሽቅብ በወጣ ቁጥር እነዚህ አምባዎች እርስ በርስ ይቆራረጣሉ።

አኗኗሩ ከሌሎች ተኩላዎች የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ በመንጋ ይኖራል፣ ለብቻው ያድናል። የመንጋው አባላት ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ተሰባስበው ድንበራቸውን እየዞሩ በሽንት ምልክት ያደርጋሉ፤ ቀን ግን እያንዳንዱ በየፊናው አይጥና ፍልፈል ፍለጋ ይሰማራል። በባሌ ዋነኛው ምርኮ አንድ ኪሎ ግራም ሊጠጋ የሚችለው ግዙፍ ፍልፈል ነው። ቀበሮው ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አድፍጦ ይጠብቃል፤ ፍልፈሉ ሣር ለመልቀም ብቅ ሲል ይዘልበታል። ሣሩ በከብት ከተጋጠ የአይጡ ምግብና መሸሸጊያ ይጠፋል፤ ቀበሮውም ይራባል።

በጓሳ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮዎቹ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድኑ ከሙከራቸው 67 በመቶው ይሰምርላቸዋል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን 25 በመቶው ብቻ። ጭላዳዎቹ የሚታገሷቸው ቀስ ብለው ስለሚራመዱና ግልገሎቻቸውን ስለማይነኩ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የባሌ ምልከታ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ቀበሮዎች ክኒፎፊያ የተባለውን፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚያብበውን ተክል የአበባ ማር ይልሳሉ፤ አንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ጎብኝቷል። አፍንጫቸው በአበባ ዱቄት ስለሚሸፈን ምናልባት ዘር ማዳቀልም ያግዙ ይሆናል፤ ይህ ገና አልተረጋገጠም።

በመንጋው ውስጥ ዘወትር የምትወልደው የበላይዋ ሴት ናት። ከሁለት ወር ገደማ እርግዝና በኋላ ቡችሎቿን ትወልዳለች፤ ሌሎቹም ምግብ በማምጣትና በመጠበቅ ያሳድጓቸዋል። ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ስለሚቀሩ ዘመድ ከዘመድ የመዳቀል አደጋ አለ። ሴቷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር ትገናኛለች፤ ይህም አደጋውን ይቀንሳል።

ይኸው መቀራረብ በሽታ ሲገባ ያጠፋቸዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ይመጣና ከመንጋ ወደ መንጋ ይዛመታል። በባሌ በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ተከስቷል፤ በ2003ቱ በወብ ሸለቆ ከሚገኙት ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ውሾችን መከተብ ብቻውን አይበቃም፤ በየዓመቱ አዲስ ቡችሎች ይወለዳሉ፣ በወቅታዊ የከብት ስምሪትም ያልተከተቡ ውሾች ከቆላው ይወጣሉ።

የሂሳብ ሞዴሎች እንዳመለከቱት ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ቀበሮዎች መከተብ ትልልቆቹን ወረርሽኞች ሊገታ ይችላል። ሸለቆዎችን በሚያገናኙ ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን መንጋዎች ማስቀደም ደግሞ ስርጭቱን ይቆርጣል። መጀመሪያ ይከተቡ የነበረው በወጥመድ ተይዘው በመርፌ ነበር፤ ይህ ብዙ ሰው የሚጠይቅና እንስሳውን የሚያስጨንቅ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተሞከረ በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. የአፍ ክትባቱ ወደ መደበኛ ሥራ ገባ። ክትባቱ በትንሽ ከረጢት ሆኖ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ በምሽት ለቀበሮዎቹ ይቀርባል። ከረጢቱ በጥርስ ተበስቶ ፈሳሹ የአፍና የጉሮሮ ሽፋን መንካት አለበት፤ ጉርሻው ሳይታኘክ ከተዋጠ ክትባቱ ላይሠራ ይችላል። ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ በመሆኑም እስከ ሜዳው ድረስ በቅዝቃዜ መጓጓዝ ይኖርበታል።