«አያቶቻችን ጎሎች»፦ የፈረንሳዮች አባባል ከየት መጣ?

ፈረንሳዮች «ኖ ዛንሴትር ሌ ጎልዋ» ይላሉ። ቃል በቃል «አያቶቻችን ጎሎች» ማለት ነው። የኳሱን ጎል እርሱት። ጎሎች በዛሬዋ ፈረንሳይ ምድር ይኖሩ የነበሩ፣ ኬልት ከሚባሉት ጥንታዊ የአውሮፓ ሕዝቦች ወገን ናቸው። ዩልዮስ ቄሳር እንደጻፈው፣ እነሱ በገዛ ቋንቋቸው ራሳቸውን «ኬልት» ይሉ ነበር፤ «ጋሊ» ያሏቸው ሮማውያን ናቸው።

ዛሬ አባባሉ ብዙ ጊዜ ለፌዝ ይውላል። የማያውቁትን አያት በግድ ሲያሸክሙህ «እሺ፣ አያቶቻችን ጎሎች!» ትላለህ። ፌዙ ያለ ምክንያት አልመጣም። በቅኝ ግዛት ዘመን በአፍሪካ ክፍሎች ውስጥም ይህ አባባል በትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር። አያቱ የሴኔጋል ወሎፍ የሆነ ልጅ ይህን ሲደግም ይታያችሁ። የቀድሞው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የምሩን ነበር፦ ፈረንሳዊ የሆነ ሰው ሁሉ አያቶቹ ጎሎች ናቸው ብሎ አገር አወዛገበ።

ነገሩ የጀመረው በመደብ ጠብ ነው። ከሮማውያን በኋላ የጎሎችን ምድር የያዙት ፍራንኮች የሚባሉ ጀርመናዊ ነገዶች ነበሩ። ከፈረንሳይ አብዮት በፊት አንዳንድ መኳንንት «እኛ የድል አድራጊዎቹ የፍራንኮች ዘር ነን፤ ሕዝቡ ደግሞ የተሸነፉት የጎሎች ዘር ነው» ይሉ ነበር። በ1789 ሲየስ የተባለ ቄስ ነገሩን ገለበጠባቸው፦ እንዲያ ከሆነ ወደ መጡበት ወደ ፍራንኮኒያ ጫካ ለምን አንመልሳቸውም? በ1865 የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ለጎሎቹ መሪ ለቬርሴንጀቶሪክስ ትልቅ ሐውልት አቆመ፤ ያቆመውም መሪው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 ዓመት በቄሳር በተሸነፈበት በአሌዥያ ነው። በ1870–71 ፈረንሳይ በፕሩሲያ ከተሸነፈች በኋላ፣ ተሸንፎም የሚከበር ጀግና ላገሪቱ በጣም አስፈለጋት። ትምህርት ቤቶቹም አባባሉን ለልጅ ሁሉ አስተማሩት።

እኔን የሚገርመኝ ከአሌዥያ በኋላ የሆነው ነው፤ አባባሉ ያንን ይዘለዋል። በምዕራብ ፈረንሳይ በሴንት ከተማ ከወንዙ ዳር አንድ የድንጋይ ቅስት አለ። እ.ኤ.አ. በ18 ወይም በ19 ገደማ ለሮማው ንጉሠ ነገሥት ቤተሰብ ክብር ያሠራው ሰው የዘር ሐረጉን እዚያው አስቀርጾበታል፦ ጋይዮስ ዩልዮስ ሩፉስ፣ የጋይዮስ ዩልዮስ ካቱአኔውኑስ ልጅ፣ የጋይዮስ ዩልዮስ አጌዶሞፓስ የልጅ ልጅ፣ የኤፖትሶሮቪዱስ የልጅ ልጅ ልጅ። ቤት መቁጠር ለለመደ ለእኛ አይነት አንባቢ ይህ ጣፋጭ ነው! ቅድመ አያቱ ንጹሕ የኬልት ስም አለው፤ «ኤፖ» በጎሎች ቋንቋ ፈረስ ነው። አያቱ የሮማ ዜግነት ሲያገኝ የቄሳርን ቤት ስም ወሰደ፤ የራሱን ግን ሳይተው ከኋላ አስከተለው። ሩፉስ ጋ ሲደርስ ሁሉም ላቲን ሆነ። ግን ቅድመ አያቱን አላፈረበትም፤ ሰው ሁሉ በሚያይበት ድንጋይ ላይ ጻፈው።

ይኸው ሩፉስ በሊዮን በሮማና በአውግስጦስ መሠዊያ ካህን ነበር፤ እዚያው አምፊቴአትርም አሠርቷል። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ስትራቦ እንደሚለው መሠዊያው ላይ የ60 ነገዶች ስም ተጽፎ ነበር። እርስ በርስ ሲዋጉ የኖሩ ነገዶች በየዓመቱ አንድ ቦታ የሚሰበሰቡት እንግዲህ በሮማ ጥላ ሥር ነው። ፓሪስ ውስጥም በ1711 ከኖትርዳም ሥር «የጀልበኞች ዓምድ» የሚባል የሮማ ዘመን የድንጋይ ዓምድ ተቆፍሮ ወጣ። የሮማው ዩፒተርና ባለ ቀንዱ የኬልት አምላክ ኬርኑኖስ አንድ ዓምድ ላይ ተቀርጸዋል። ማንም ማንንም አላባረረም።

የጎሎች ቋንቋ ግን ቀስ በቀስ ጠፋ። በፈረንሳይኛ የቀሩት ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ለምሳሌ «ሼን»፣ የባሉጥ ዛፍ ማለት ነው። አባባሉን ራሱን ብትፈቱት «ኖ»፣ «አንሴትር»፣ «ሌ» ሦስቱም ከላቲን የመጡ ናቸው። «ጎልዋ»ስ? እሱም ከ«ጋሊ» አልመጣም። ፍራንኮች ላቲን ተናጋሪውን ባዕድ ከሚጠሩበት ቃል ነው የመጣው። ያ ቃል ደግሞ፣ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ መነሻው ቮልኬ የሚባል የኬልት ነገድ ስም ነው።