ከጳጉሜን እስከ ኅዳር፦ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት በኢትዮጵያ

ክረምቱ ወጥቶ ጥቢ ሲገባ፣ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ሥራው ይበዛል። ከጳጉሜን እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ዓመቱ ይለወጣል። ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ደመራ ይደመራል፣ እሸት ይደርሳል፣ ብርዱም ይከተላል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ይህ ወቅት ቅጠል የሚረግፍበት ነው። እኛ አገር ግን ሜዳውና ተራራው ቢጫ የሚለብሰው አሁን ነው። ልጅም በዚህ ሁሉ መሀል የራሱ ድርሻ አለው። የመስከረም በዓላት ልጅን ዳር አስቀምጠው አያከብሩም፤ እንዲያውም ግማሹ ሥራ የእሱ ነው።

እዚህ የተጻፈው በአብዛኛው የደጋውንና የወይና ደጋውን፣ እንዲሁም የአዲስ አበባን ኑሮ ይመለከታል።

ጳጉሜን

ጳጉሜን አምስት ቀን ናት። በየአራት ዓመቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ፣ ስድስት ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ እንዲሁ ሆና ነበር። ለእናቶች እነዚህ ቀናት የጽዳት ቀናት ናቸው። ክረምቱን ሙሉ ሲረጥብ የከረመ ፍራሽና ብርድ ልብስ ወጥቶ እንዲደርቅ ይሰጣል። መጋረጃ ይታጠባል፣ ግቢ ይጠረጋል።

ለልጆች ግን ጳጉሜን ማለት 3ኛው ቀን፣ ሩፋኤል ነው። ያን ዕለት ዝናብ ከጣለ ልብሳቸውን አውልቀው ደጅ ይወጣሉ። «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ይዘላሉ። በምእመናን ዘንድ የዚያ ቀን ዝናብ እንደ ጸበል ስለሚታይ፣ በዕቃ የሚያጠራቅሙትም አሉ። ጉንፋን ይይዛችኋል ብሎ በር የሚዘጋ ወላጅ አይጠፋም። ልጆቹ ግን ቀድመው ከወጡ ማን ይመልሳቸዋል!

እንቁጣጣሽ

መስከረም 1 የአዲስ ዓመት መግቢያ ነው፤ ቅዱስ ዮሐንስም ይባላል። በዋዜማው ሴቶች ልጆች ሹሩባ ይሠራሉ። ይህ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። በሁለት ጉልበት መሀል ጭንቅላቷ ተይዞ፣ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ ታለቅሳለች። በከረሜላ ትባበላለች። ማታ ችቦ ይበራል፣ ጠዋት ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዶሮው ከእሳት ላይ ነው።

ከዚያ የአበባየሆሽ ተራ ነው። ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው በቡድን ይወጣሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ «ለምለም» እያሉ ይቀበላሉ። ከበሮውን የምትመታው አብዛኛውን ጊዜ ትልቋ ናት። ትንሿ ደግሞ የእህቷን ቀሚስ ጨብጣ ትከተላለች፤ «ለምለም» የምትለውም ሌላው ሁሉ ብሎ ሲጨርስ ነው። የቤቱ ባለቤት ዳቦ ወይም ብር ይሰጣል። የተገኘው በመጨረሻ ይካፈላል፣ ክፍፍሉ ላይም ጠብ አይጠፋም።

ወንዶቹ ሥዕል ያዞራሉ። ሥዕሉ ራሱ «እንቁጣጣሽ» ነው የሚባለው። ፀሐይ፣ አደይ አበባ፣ መልአክ፣ አንዳንዴም ዶሮ ይሣላል። ፀሐይዋ ዓይንና አፍ ይኖራታል። መልአኩ የሚሣለው በማስመሪያ ስለሆነ ክንፉ ቀጥ ይላል። ልጁ ሥዕሉን ለዘመድና ለጎረቤት በሁለት እጁ ይሰጣል፣ ሳንቲም ይቀበላል። ከተማ ውስጥ ይህ ነገር እየቀረ ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ፖስት ካርድ ቦታውን ወስዷል። ያሳዝናል። ፖስት ካርዱ ምንም ቢያምር ልጁ የሠራው አይደለም።

የአበባየሆሽ ጭፈራ ወደ ገንዘብ መሰብሰቢያ ተለውጧል የሚል ወቀሳ በየዓመቱ ይሰማል። ዱሮም ቢሆን ዳቦ ይሰጥበት ስለነበር ምን ያህል እንደተለወጠ ማከራከሩ አይቀርም። ጨዋታው ግን የልጆቹ ነው።

በጎጃምና በአካባቢው ከዚህ በፊት የሚመጣ ሌላ ሥርዓት አለ። ልጃገረዶች በዋዜማው ወደ ሜዳ ወርደው እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅላሉ። ይጎነጉኑትና በማግስቱ ለወላጆቻቸው ራስ ላይ ያስራሉ። ትንንሾቹ መንቀሉን የሚማሩት ከታላላቆቻቸው ነው።

ትምህርት ቤት

ስለ መስከረም ብዙ የተጻፈው ስለ በዓሉ ነው። የወላጅን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ይጀምርና በሰኔ ያልቃል። ምዝገባው፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ፣ ቦርሳው፣ የምሳ ዕቃው ሁሉ ከበዓሉ ወጪ ጋር ይገጥማል። ዶሮና በግ ገና ዋጋቸው ሳይወርድ የመስቀል ሥጋ ይመጣል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ዕቁቡ በነሐሴ መጨረሻ ቢወጣለት ይወዳል። የዕቁብ ሰብሳቢዎች ይህን ያውቁታል፤ «ልጅ ላስመዘግብ» ብሎ ተራ የሚለምን ሰው በዚያ ሰሞን ይበዛል።

የደብተር መሸፈን ምሽት ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ደብተሮቹ ጠረጴዛ ወይም ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ። ዱሮ ሽፋኑ ጋዜጣ ነበር፣ ሲቀናም ካኪ ወረቀት። አሁን ላስቲክ በዝቷል። አባት ይቆርጣል፣ ታላቅ ልጅ ያጥፋል፣ ትንሹ ፕላስተሩን ይይዛል፣ ፕላስተሩም ጣቱ ላይ ይጣበቃል። ስም የሚጽፈው ጽሕፈቱ ያማረ ሰው ነው። ዩኒፎርሙ ሆን ተብሎ አንድ ቁጥር ትልቅ ይሰፋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲሆን። እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ እስከ ሰኔ ይዘልቃል።

የመጀመሪያ ቀን ለቅሶ ያው ነው። ኬጂ የገባ ልጅ በሩ ላይ የእናቱን ቀሚስ አይለቅም። ልምድ ያላት «ሚስ» እናትየዋን ቶሎ ሂጂ ትላታለች። እናትየዋ አጥር ጥግ ቆማ ታዳምጣለች። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ዞር ብሎም አያያትም፤ ያኔ ደግሞ የሚከፋው እሷን ነው።

ወደኋላ ብንሄድ፣ የትንንሽ ልጆች ትምህርት በደጋው ለዘመናት የቄስ ትምህርት ቤት ሥራ ነበር። ፊደል ተቆጥሮ፣ አቡጊዳ ተብሎ፣ ንባብ ተዘልቆ እስከ ዳዊት ይደረሳል። በሙስሊሙ ቤት ይህን ቦታ የያዘው የቁርኣን ትምህርት ነው። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አደረገው። ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ሆነ። ከዚያ በፊት ያለው አፀደ ሕፃናት በአብዛኛው ለግል ትምህርት ቤቶችና ለከተማ ተተወ። በ2002 ዓ.ም የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ሲወጣ «ኦ ክፍል» መጣ፤ ዜሮ ክፍልም ይሉታል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንደኛ ክፍል ሊገባ አንድ ዓመት ለቀረው ልጅ የተዘጋጀ ነው። ለገጠር ልጅ ትልቅ በር ከፍቷል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም ሲጀመር አወቃቀሩ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆነ፤ ከሥሩም ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ተቀመጠ።

አዲስ አበባ ላይ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይሰጣል። የደንብ ልብስና ደብተርም ተጨምሯል። ይህ ለብዙ እናት የጠዋት ጭንቀት ቀንሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ጉዳይ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ያጨቃጭቃል፣ ሁለቱም ወገን የሚለው አለው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልጅ መቀስቀስ ሌላው ትግል ነው። ክረምቱን እስከ 3 ሰዓት ሲተኛ የከረመ ልጅ ጫማውን ግራና ቀኝ ቀያይሮ ሰርቪሱን ይጠብቃል።

መስቀል

መስከረም 16 ደመራ፣ 17 መስቀል ነው። በዓሉ በ2006 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ይገባዋልም። የመስቀል አደባባዩ ደመራ በቴሌቪዥን ይታያል። ልጆች የሚሠሩት ግን የሰፈሩን ነው። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ጀምረው ከየቤቱ እንጨትና ብር ይሰበስባሉ። ደመራው ጫፍ ላይ አደይ አበባ ይታሰራል። ማታ ይለኮሳል፣ «እዮሃ አበባዬ» ይባላል። በአንዳንድ የሰሜን አካባቢዎች የሚለኮሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ደመራው ወዴት እንደወደቀ አይቶ ዓመቱን መተንበይ የሽማግሌዎች ድርሻ ነው። ሕፃናቱ ግንባራቸው ላይ በአመዱ መስቀል ይደረግላቸዋል።

በጉራጌ መስቀል የቤተሰብ ሁሉ ጉባኤ ነው። ከተማ የሚሠራው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል፤ ልጆቹ አያታቸውን የሚያውቁትም በዚያ ነው። በዓመት አንዴ ብቅ ለሚል ሰው «የመስቀል ወፍ» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ቢሾፍቱ ላይ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ይከበራል፤ የኦሮሞ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የባህል ልብስ አልብሰው ለምለም ሣርና አበባ አስይዘው ይወጣሉ።

ጥቅምት

ወሩ በዓል አይበዛበትም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኃ ጽጌ ነው፤ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷ ይታሰባል። የሚጾመውም በፈቃድ ነው።

የጥቅምት ነገር ብርዱ ነው። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ቀኑ ያበራል፣ ሌሊቱና ማለዳው ግን አጥንት ይሰብራል። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ከብዙ ልጅ ጋር ስለሚውል ጉንፋኑን ይዞ ይመጣል፣ ለታናሹም ያካፍላል። ቤት ውስጥ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ዝንጅብልና ማር ይፈላል። የአዲስ ማር ወቅትም ስለሆነ ማር አይጠፋም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ ሐኪሞች በዚህ አይለያዩም።

ለአራስና ለጨቅላ ይህ ወቅት የፀሐይ ወቅት ነው። እናት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ጭኗ ላይ በደረቱ ታስተኛዋለች። ልብሱ ወልቋል፣ ዓይኑ በነጠላ ጫፍ ተከልሏል። ጀርባውን አሽታ ትገለብጠዋለች። ክረምቱን ተጠቅልሎ የከረመ ሕፃን ቫይታሚን ዲ የሚያገኘው በዚህ ነው። በመስኮት መስታወት በኩል የገባ ፀሐይ ለዚህ አይረዳም፤ ደጅ መውጣት አለበት። የቫይታሚን ዲ እጥረት የሚያመጣው የአጥንት መለስለስ እዚህ አገር የታወቀ ችግር ነው። እ.ኤ.አ በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት ከሳንባ ምች ጋር ያለውን ግንኙነት አሳይቷል። ቅቤ መቀባቱ ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው ላይ አያቶችና ነርሶች አይስማሙም።

ጭቃው ሲደርቅ ጨዋታው ደጅ ይወጣል። ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ ይሠመራል፣ ሱዚ ይዘለላል፣ ብይና ቆርኪ ከየኪሱ ይወጣል። ትንንሾቹ እቃቃ ይጫወታሉ፤ የቆርኪ ድስት፣ የቅጠል ወጥ።

ገጠርና ቆላ

ገበሬ ቤት ያለ ልጅ በዚህ ወቅት ሠራተኛ ነው። ጥጃ ይጠብቃል። ማሽላ ባለበት አገር ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ያባርራል። የበቆሎና የባቄላ እሸት ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ቀማሽ እሱ ነው። ክረምቱ የጎተራ መጉደያ ስለሆነ እሸት በልጅ ፊት ላይ ወዲያው ይታወቃል።

በቆላው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባ ዋና ወቅት ነው። አጎበር፣ ትኩሳት ሲታይም ሳያድሩ ጤና ጣቢያ።

ኅዳር 12

ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውም ያኔ ነው። መነሻው በኅዳር 1911 ዓ.ም አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ እንደሆነ ይነገራል። ዓለም የስፔን ጉንፋን ያለውን እኛ «የኅዳር በሽታ» ብለነዋል። ቆሻሻ በየደጁ ተጠርጎ ይቃጠላል። ልጆች ጠዋት ተነስተው ቅጠልና ወረቀት ይለቅማሉ፣ ለእሳቱ የማይፈልጉት ነገር የለም። አሁን ፕላስቲኩ ስለበዛ ጭሱ የዱሮው አይደለም። አስም ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ያን ጠዋት መስኮት ዘግተው ልጃቸውን ቤት ያቆያሉ። አንዳንድ ሰፈር ጠረጋው ቀርቶ አያውቅም፤ ማቃጠሉን ግን ትተውታል።