ክርስቲያን ኤርሆፍ፦ የአንድ ጀርመናዊ የበረዶ ሆኪ ተከላካይ የጨዋታ ዘመን

ክርስቲያን ኤርሆፍ ጁላይ 6 ቀን 1982 በምዕራብ ጀርመን በምትገኘው የሞርስ ከተማ ተወለደ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሰሜን አሜሪካው የኤንኤችኤል ሊግ በመደበኛው ውድድር 789 ጊዜ ተሰልፎ 74 ጎል አስቆጥሯል፤ ለሌሎች 265 ጎሎችም አመቻችቷል። ለተከላካይ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ሆኖም ዛሬ ስሙ ሲነሳ ከጎሎቹ ቀድሞ የሚታወሰው በ2011 የፈረመው የ10 ዓመት ውል ነው።

በበረዶ ሆኪ በረኛውን ሳይጨምር 5 ሰው ሜዳ ላይ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ 3ቱ አጥቂ፣ 2ቱ ተከላካይ ናቸው። አንድ ቡድን ለጨዋታ 6 ተከላካዮችን በ3 ጥንድ ከፍሎ ያዘጋጃል። አንድ ጥንድ በረዶው ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ እግር ይዝላል፣ ስህተት ይበዛል። ቅያሪው የሚደረገው ጨዋታው ሳይቆም ነው። ጨዋታው 20፣ 20 ደቂቃ ያላቸው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ በሁለተኛው ክፍል ቡድኖቹ ጎል ስለሚቀያየሩ የተከላካዮቹ ተቀያሪ ወንበር ከራሳቸው ጎል ይርቃል። በራሱ ክልል የተከበበ ተከላካይ ያን ሁሉ ርቀት ሄዶ መቀየር አይችልም፤ በዚህ ክፍል የሚቆጠሩ ብዙ ጎሎች መነሻቸው ይኸው ነው።

ኤርሆፍ ያደገው ከትውልድ ከተማው አጠገብ ባለው በክሬፌልድ ፒንጉዊኔ ክለብ ነው። በ2001 የሳን ሆዜ ሻርክስ ክለብ በኤንኤችኤል የወጣቶች ምርጫ (ክለቦች በየተራ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበት) በአራተኛው ዙር በ106ኛነት መረጠው። ብዙም የሚጠበቅበት ተጫዋች እንዳልነበር ቁጥሩ ይናገራል። እሱም ወዲያው አልሄደም። ሁለት ዓመት በጀርመን ሊግ ከጎልማሶች ጋር ተጫውቶ፣ በ2003 ክሬፌልድ በፍጻሜው ከኮሎኝ ጋር ካደረጋቸው ተከታታይ ጨዋታዎች 3 ለ 2 አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን የቡድኑ አባል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው አትላንቲክን የተሻገረው። 

የ2004–05 የውድድር ዘመን በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች ማኅበር ጠብ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ኤርሆፍ ያን ዓመት ያሳለፈው በሳን ሆዜ ተጠባባቂ ቡድን በክሊቭላንድ ባሮንስ ነው። ሊጉ ሲመለስ ሁለት ነገር ተለውጦ ነበር፤ ሁለቱም የእሱን ዕድል ወሰኑ። አንደኛው የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በሙሉ በዓመት ከሚከፍለው ገንዘብ ሊያልፈው የማይችል ገደብ፣ መደንገጉ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ሁለተኛው የሕግ ለውጥ ነው። ቀድሞ ከራስ ክልል ተነስቶ የመሀሉን መስመር የሚያልፍ ረጅም ቅብብል ክልክል ነበር፤ ያ ተነሳ። ተጋጣሚን በዱላ መጎተትና ማቀፍም በጥብቅ ይቀጣ ጀመር። በጉልበት ብቻ የሚኖረው ግዙፍ ተከላካይ ዋጋው ወረደ፤ እንደ ኤርሆፍ ፈጥኖ የሚንሸራተትና ፓኩን (የሚጫወቱበትን የጎማ ክብ) ከኋላ አውጥቶ በአንድ ቅብብል ጥቃት የሚጀምር ተከላካይ ተፈላጊ ሆነ።

በኦገስት 2009 ወደ ቫንኩቨር ካናክስ ተዛወረ። በሁለት የውድድር ዘመን 14፣ 14 ጎል አገባ፤ በ2010–11 ጎልና ማመቻቸት ተደምሮ 50 ነጥብ ደረሰ። ትልቁ የሥራ ቦታው ፓወር ፕሌይ ነበር፦ ተጋጣሚ አንድ ሰው ለ2 ደቂቃ ሲቀጣበት 5 ለ 4 የሚጫወቱበት ጊዜ። ስዊድናውያኑ መንትዮች ዳንኤልና ሄንሪክ ሴዲን ከጎሉ አጠገብና ከጎን እየተቀባበሉ ተከላካዮቹን ወደ ታች ይስባሉ፤ ኤርሆፍ ከላይ ሰማያዊው መስመር ላይ ይጠብቃል። መስመሩ ከጎል 20 ሜትር ገደማ ይርቃል። ፓኩ ያን መስመር ተሻግሮ ከወጣ አጥቂዎቹ በሙሉ ወጥተው እንደገና መግባት ስላለባቸው፣ ከ2 ደቂቃው ብዙ ሰከንድ ይባክናል። ስለዚህ የዚያ ሰው የመጀመሪያ ሥራ መምታት ሳይሆን ፓኩን ክልሉ ውስጥ ማቆየት ነው።

ምቱ ራሱ ዘዴ አለው። የዱላው ምላጭ ከፓኩ ጥቂት ሴንቲሜትር ቀደም ብሎ በረዶውን ይመታል፤ ዘንጉ ይለመጣል፤ ተስፈንጥሮ ሲቃና ያጠራቀመውን ጉልበት 170 ግራም ለሚከብደው የጎማ ፓክ ያስረክባል። ጀማሪ በኃይል ላይ ያተኩራል፤ ዋናው ግን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ማግኘት ነው። ፓኩ ዝቅ ብሎ ከሄደ ጎል ፊት የቆመ ጓደኛ በዱላው አቅጣጫ ያስቀይረዋል፣ ወይም ከበረኛው ተመልሶ ሲመጣ ይለቅመዋል። የተጋጣሚን ቅልጥም ከመታ ግን ጉድ ነው። የከለከለው ሰው ፓኩን ይዞ ወደ ባዶ ሜዳ ይፈተለካል፤ ከኋላው ያለው ምቱን ጨርሶ ገና ሚዛኑን እየያዘ ያለው ተከላካይ ብቻ ነው።

ቫንኩቨር በ2011 እስከ ስታንሊ ዋንጫ (የኤንኤችኤል ሻምፒዮን ዋንጫ) ፍጻሜ ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ በቦስተን 4 ለ 0 ተሸነፈ። በቦስተን በኩል የተሰለፈው ዴኒስ ሳይደንበርግም ጀርመናዊ ተከላካይ ነው፤ ዋንጫውን በማንሳት ሁለተኛው ጀርመናዊ ሆነ። የመጀመሪያው ኡቨ ክሩፕ ሲሆን፣ በ1996 ለኮሎራዶ ዋንጫውን ያስገኘችውን ብቸኛ ጎል በሦስተኛው ጭማሪ ሰዓት ያስቆጠረ እሱ ነው። እሱም ተከላካይ ነበር።

ፍጻሜው እንዳበቃ የኤርሆፍ ውል አለቀ። ቫንኩቨር በነጻ ከሚያጣው ብሎ የመደራደር መብቱን ለኒውዮርክ አይላንደርስ ሰጥቶ በምትኩ በወጣቶች ምርጫ የአራተኛ ዙር አንድ ተራ ወሰደ፤ እነሱም ስላልተስማሙ በተመሳሳይ ዋጋ ለቡፋሎ ሴበርስ አሳለፉት። በጁን መጨረሻ ለቡፋሎ የ10 ዓመት የ40 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከጣሪያው የሚቀነሰው የውሉ አማካይ፣ ማለትም በዓመት 4 ሚሊዮን ብቻ ነው። በእጁ የሚገባው ግን በመጀመሪያው ዓመት 10 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 8 ሚሊዮን፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት 1፣ 1 ሚሊዮን ነበር። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ዕድሜው 36 ካለፈ በኋላ የሚውሉ በመሆናቸው፣ የተጨመሩት አማካዩን ለማውረድ እንደሆነ ማንም ያየዋል። በጊዜው ክልክል አልነበረም፤ ሌሎች ክለቦችም አድርገውታል።

ችግሩ የመጣው በ2013 ነው። ሊጉ ዳግም ተቋርጦ (ኤርሆፍ ወራቱን በክሬፌልድ ተጫውቶ አሳልፏል) አዲስ ስምምነት ሲፈረም፣ እንዲህ ያለ ውል የያዘ ተጫዋች ጊዜው ሳይደርስ ጫማውን ከሰቀለ ክለቡ ያተረፈው የጣሪያ ልዩነት መልሶ እንዲታሰብበት ተደረገ። ቡፋሎ በሦስት ዓመት 22 ሚሊዮን ከፍሎ በጣሪያው የተቆጠረበት 12 ሚሊዮን ነበር፤ 10 ሚሊዮኑ ዕዳ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ስምምነቱ ግን በ2013 እና በ2014 ክረምት እያንዳንዱ ክለብ ሁለት ውሎችን ከጣሪያው ውጭ ከፍሎ እንዲያፈርስ ፈቅዶ ነበር። ቡፋሎ በጁን 2014 ይህን ተጠቀመ። ከቀረው 18 ሚሊዮን ሁለት ሦስተኛው፣ 12 ሚሊዮን፣ በቀሪው 7 ዓመት እጥፍ፣ ማለትም በ14 ዓመት፣ ተከፋፍሎ በየዓመቱ 857,143 ዶላር እስከ 2027–28 ይከፈለዋል። ደካማ ስለሆነ ተባረረ የሚሉ አሉ፤ ሒሳቡን ያየ ሰው ይህን አይልም። ቡድኑ በዚያ ዓመት በሊጉ መጨረሻ ቢወጣም፣ እሱ ብዙ ደቂቃ ከሚሰጣቸው ተከላካዮች አንዱ ነበር።

በፒትስበርግ የአንድ ዓመት ቆይታው በጭንቅላት ጉዳት ምክንያት ከ82 ጨዋታ የተሰለፈው በ49ኙ ነው። ተከላካይ ለዚህ ጉዳት የሚጋለጠው ወደ ጥግ የተወረወረ ፓክ ለማምጣት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲሮጥ ነው፤ አጥቂው በሙሉ ፍጥነት ከኋላው ይመጣል። መፍትሔው ፓኩ ጋ ከመድረስ በፊት በትከሻ ላይ ማየትና በረኛው ወይም ጓደኛው ጮኾ እንዲነግረው ማድረግ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካም። ቀጥሎ በሎስ አንጀለስና በቺካጎ አጭር ጊዜ ቆይቶ በ2016 ወደ ጀርመን ተመለሰ፤ የገባውም በ2003 በፍጻሜ ባሸነፈው በኮሎኝ ክለብ ነው።

መመለሱ ያልታሰበ በር ከፈተለት። ኤንኤችኤል ለ2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ተጫዋቾቹን ስላልለቀቀ፣ ጀርመን በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች ሄዳ ስዊድንንና ካናዳን አሸንፋ ፍጻሜ ገባች። 3 ለ 2 እየመራች 55 ሰከንድ ገደማ ሲቀር፣ አንድ ሰው የተቀጣባቸው ሩሲያውያን በረኛቸውን አስወጥተው አቻ ሆኑ፤ በጭማሪው ሰዓት ደግሞ ጀርመን ራሷ ሰው ተቀጥቶባት ጎል ገባባት። የብር ሜዳሊያው የአገሪቱ ምርጥ የኦሎምፒክ ሆኪ ውጤት ነው። በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ባንዲራ የያዘው ኤርሆፍ በዚያው ዓመት ጨዋታ አቆመ።

በ2019 ዲትሮይት ከማንሃይም ክለብ የመጣውን ተከላካይ ሞሪትዝ ሳይደርን በ6ኛነት መረጠ፤ ከኤርሆፍ በ100 ደረጃ ቀድሞ መሆኑ ነው። ሳይደር በ2022 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። በሴፕቴምበር 2024 የፈረመው ውል የ7 ዓመት ሲሆን በአማካይ በዓመት 8.55 ሚሊዮን ዶላር ያስገኝለታል። 10 ዓመት መፈረም ቢፈልግ እንኳ አይችልም ነበር፤ በ2013ቱ ስምምነት ክለብ ለራሱ ተጫዋች ከ8 ዓመት በላይ፣ ከሌላ ለሚያስፈርመው ከ7 ዓመት በላይ መስጠት ተከልክሎ ነበር።