ኸር-2 «3+» ማለት ደረጃ 3 ካንሰር ማለት አይደለም

«3+ ማለት ደረጃ 3 ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ እየተመላለሰ ስለሆነ ላብራራው። የጡት ካንሰር የናሙና ውጤት ላይ «ኸር-2፦ 3+» የሚል ሲያዩ ብዙዎች ክው ይላሉ። ቁጥሩ ካንሰሩ የት ድረስ እንደሄደ አይናገርም። ኸር-2 ሴሉ ላይ ተቀምጦ «ተባዛ» የሚል መልእክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው። ጤነኛ ሴልም አለው። 3+ ሲባል ከመጠን በላይ በዝቷል ማለት ነው። 0 እና 1+ ኔጋቲቭ ናቸው፤ ማለትም ከመጠን በላይ አልበዛም። 2+ ግን ገና አልለየለትም፤ ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን መብዛት አለመብዛቱ በሌላ ምርመራ ይታያል።

እንበል፣ ሁለት ሴቶች እኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር እብጠት አለባቸው። አንዷ 3+፣ ሌላዋ 0። ትራስቱዙማብ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1998 የተፈቀደው መድኃኒት፣ ኸር-2ን ፈልጎ ስለሚይዝ የሚታሰበው ለመጀመሪያዋ ነው። ይህ እርግጥ ነው። ከየትኛው ኬሞ ጋር፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ እሱን ሐኪማችሁን ጠይቁ።