የቢጂፒ ፒር ምንድን ነው?

የቤታችን ራውተር አንድ መውጫ ብቻ ስላለው መንገድ መምረጥ አያስፈልገውም። ከሁለት አቅራቢ መስመር ያስገባ ዩኒቨርሲቲ ወይም ባንክ ግን ወደየትኛው አድራሻ በየት በኩል እንደሚወጣ ማወቅ አለበት። ኔትወርኮች ይህን የሚነጋገሩበት ቋንቋ ቢጂፒ ነው። ፒር የሚባለው ደግሞ በቢጂፒ የሚያወራን የወዲያኛው ራውተር ነው።

በቢጂፒ የሚነጋገር እያንዳንዱ ኔትወርክ ኤኤስ የሚባል መለያ ቁጥር አለው። የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ኦኤስፒኤፍ የሚባል ሌላ ቋንቋ አለ፤ የቢጂፒ ፒሮች እንደ እሱ በራሳቸው አይፈላለጉም። እኔ የእናንተን አይፒና ኤኤስ ቁጥር ራውተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ እናንተም የእኔን ትጽፋላችሁ። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ግንኙነቱ አይነሳም። የሚገናኙት በቲሲፒ ፖርት 179 ስለሆነ መሃል ላይ ፋየርዎል ካለ እሱንም እዩት።

ራውተሩ የፒሩን ሁኔታ ሲያሳይ ጀማሪን ሁሉ የምታሳስት አንዲት ቃል አለች፦ "አክቲቭ"። ስትነበብ የሚሠራ ትመስላለች። ትርጉሟ ግን "ለመገናኘት እየሞከርኩ ነው፣ ገና አልተሳካልኝም" ነው። የምንፈልገው "ኤስታብሊሽድ" የሚለውን ነው። ሲስኮ ራውተር ላይ ፒሮችን በሚዘረዝረው የማጠቃለያ ሰንጠረዥ፣ በዚህ ቃል ቦታ ቁጥር ከመጣ ተነስቷል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከፒሩ የተቀበልናቸው መንገዶች ብዛት ነው።

ፒሩ ተነሳ ብላችሁ ግን እንዳትሄዱ። ማጣሪያ ይቀራል። ቢጂፒ በባሕርይው የተነገረውን ያምናል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን አገር ውስጥ ለመዝጋት ብሎ "ወደ 208.65.153.0/24 በእኔ በኩል ነው" የሚል መንገድ አወጀ። ዩቲዩብ ራሱ ያወጀው ሰፊውን 208.65.152.0/22 ነበር። ራውተር ደግሞ ሁልጊዜ ጠበብ ያለውን፣ ማለትም ጥቂት አድራሻ የያዘውን (እዚህ /24ን) ይመርጣል። ወሬው ሳይጣራ በአቅራቢው በኩል ወደ ውጭ አለፈ። ለሁለት ሰዓት ያህል ከዓለም ዙሪያ ወደ ዩቲዩብ የሚሄደው አብዛኛው ትራፊክ ወደ ፓኪስታን ሄዶ ቀረ። ማንም አልሰበረውም፤ የወጣውን ያጣራ አልነበረም፣ የገባውንም እንደዚያው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፒር ሁለት ዝርዝር ጻፉ። አንደኛው እኛ የምናውጀው፣ የራሳችንን አድራሻ ብቻ የያዘ። ሌላው ከእሱ የምንቀበለው። ኤፍአርአርን የመሳሰሉ አዳዲስ የራውተር ሶፍትዌሮች ይህ ካልተጻፈ ከሌላ ኤኤስ ጋር አንድም መንገድ አይለዋወጡም። ፒሩ ተነስቶ መንገድ ከጠፋባችሁ ገመድ ከመነቃቀላችሁ በፊት መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።