ከፊሽካው በፊት መውጣት፦ የአዲስ አበባ ስታዲየም ድባብና ቀድመው የሚነሱት

ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሳይነፋ ስታዲየም ለቆ መውጣት በሁሉም አገር ያለ ልማድ ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም ግን የራሱ መልክ ነበረው። ይህ ዳሰሳ የቆመው በታወቁ የጨዋታ ውጤቶችና ጸሐፊው ለዓመታት ኮንክሪት ላይ ተቀምጦ ባየው ነገር ላይ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ዘመን በሰፊው ይወራል፣ አንዳንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል።

ስታዲየሙ ከመስቀል አደባባይ ሥር፣ ከለገሃር አቅራቢያ ይገኛል። 35 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል ይባላል። ደጋፊው መቀመጫውን የሚጠራው በቁጥር ሳይሆን በስም ነው። ጥላ ፎቅ አለ፣ ሚስማር ተራ አለ፣ ካታንጋ አለ፣ ዳፍ ትራክ አለ፣ ከማን አንሼ አለ። ካታንጋ ስሙን ያገኘው በ1950ዎቹ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ለሰላም ማስከበር ከዘመቱባት ከኮንጎዋ ግዛት እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። እዚያ ጥግ የሚነሳውን ግርግር ላየ ሰው ታሪኩን ለማመን አይከብደውም። ከማን አንሼ ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም። ርካሽ ትኬት የቆረጠ ሰው ለራሱ መቀመጫ ያወጣው ስም ነው፣ አለቀ።

እነዚህ ስሞች ለጉዳያችን ጥቅም አላቸው። ማን ቀድሞ እንደሚወጣ መገመት የሚቻለው ከተቀመጠበት ቦታ ነውና። ጥላ ፎቅ ያለው ሰው መኪናውን ያስባል። ሰባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ኪሱን ሲዳብስ ካየኸው ቁልፉን እየፈለገ ነው። ጣራ የሌለው መደዳ ላይ ያለው የሚያስበው ሰማዩንና ታክሲውን ነው። ደመናው ከጠቆረ ጋዜጣውን ራሱ ላይ ያደርጋል፣ አጠገቡ ያለውን ያያል፣ ከዚያ ሹልክ ይላል። የቀረው ደግሞ ወደ መገናኛ፣ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሳሪስ የሚሄደውን ታክሲ ሰልፍ በዓይነ ሕሊናው ይቆጥራል። አሥር ደቂቃ ቀድሞ የወጣ ሰው አንድ ሰዓት ያተርፋል። ይህን ስሌት ስንፍና ነው ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው፣ በተለይ ቤቱ ካዛንቺስ ከሆነ።

ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ አናወራም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ተመሠረተ። የአርመንና የግሪክ ማኅበረሰቦችም የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው።

1954 ግን ቆም ብለን የምናየው ዓመት ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፦ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን ነበር። ግብፅ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ቡድን ነበረች። በመጀመሪያው አጋማሽ ባደዊ አገባላቸው። ሁለተኛው አጋማሽ ሲገባደድ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ ያው ባደዊ ደገመው። 2 ለ 1። ሰዓቱ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ገደማ ቀርቶታል።

ለጉዳያችን ዋናዋ ሩብ ሰዓት ይቺ ናት። አቻ ከሆኑ በኋላ ወዲያው መመራት ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳ ነገር ነው። ያኔ ተስፋ ቆርጦ የተነሳ ሰው ካለ የቀረውን የሰማው በሬዲዮ ወይም በጎረቤት ወሬ ነው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር አቻ አደረገ። በጭማሪው 30 ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩ። 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለሉቺያኖ በእጃቸው አስረከቡ። ኢትዮጵያ እስካሁን ያላት ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ይህ ነው። የተገኘው ደግሞ ብዙ ደጋፊ ጫማውን ማሰር በሚጀምርበት ሰዓት ላይ ነው።

በ1960 እና በ1968ም ውድድሩ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ነበር፣ ዋንጫው ግን እዚህ አልቀረም። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ በከተማችን ተደርጎ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ወስዳለች። የዚያን ቀን ቤት የቀረው ሰው ጨዋታውን ያስተላለፈውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ እንጂ ሌላ ነገር አያስታውስም።

ክለቦቹ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይከርራል። ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና የማን ደጋፊ ይበልጣል የሚለውን ክርክር እዚህ አንነካካውም፣ ለሁለቱም ወገን ክብር አለን። ኢትዮጵያ ቡና በ1968 ተመሠረተ። ሼባዎቹ ዛሬም ቡና ገበያ ይሉታል። ፕሪምየር ሊጉ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ያነሳው አንዴ ብቻ ነው፣ በ2003 በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት። በዚያው ጊዜ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ10 በላይ ወስዷል። ዋንጫ ያየ ደጋፊ መሙላቱ አይገርምም። ዋንጫ ሳያይ ዓመት ከዓመት ቢጫና ቡኒውን ለብሶ የሚጎርፈውን ግን ምን ትሉታላችሁ? እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ እንተወው።

የድባቡ አሠራር እንዲህ ነው። አስጨፋሪው ለሜዳው ጀርባውን ይሰጣል። ጨዋታውን እሱ አያይም፣ የሚያየው ሰውን ነው። ግማሽ መስመር ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበለዋል። ከበሮው ፍጥነቱን ይይዛል፣ ጭብጨባው ይከተላል። ዜማው አብዛኛውን ጊዜ ከሠርግ፣ ከጥምቀት ጭፈራ ወይም በጊዜው ከሚሰማ ዘፈን የተወሰደ ነው፣ ግጥሙ ብቻ ይቀየራል። ጥሩ አስጨፋሪ ቡድኑ ሲያሸንፍ ሳይሆን ሲያገቡበት ይታወቃል። አንድ ጎል ከገባ በኋላ ያለችው ዝምታ ለእሱ ናት። ያችን ዝምታ አምስት ሰከንድ ካሳለፋት ሰው መነሳት ይጀምራል።

ቀድሞ የሚወጣ ሰው ሲሄድ ይዞት የሚሄደው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። ከመደዳው መሃል ሲነሳ አሥር ሰው ጉልበቱን አጥፎ ያሳልፈዋል። እነዚያ አሥር ሰዎች ጭፈራውን ለአፍታ ያቆማሉ። ሁለቱ እሱን አይተው ሰዓታቸውን ያያሉ። ከአንደኛው ጋር አብሮ የመጣ ጓደኛ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ባዶ ኮንክሪት መሃል ላይ ብቅ ይላል። ኮንክሪት ደግሞ አይጮህም። ስለዚህ ነባር አስጨፋሪዎች ክፍተት ሲያዩ «ውረዱ! ተጠጉ!» ይላሉ። የቀረው ሰው ወደ ታች ተሰብስቦ ቦታውን ይሞላል፣ ጭፈራውም እንደገና ይነሳል። አንዳንዴ እንዲያውም ግማሹ ከሄደ በኋላ የቀረው ቅልጥ ያለ ደጋፊ ብቻ ስለሚሆን ከበፊቱ ይብሳል።

በሸገር ደርቢ፣ ጊዮርጊስና ቡና በሚገናኙበት ጨዋታ፣ ቀድሞ መውጣት ሌላ ዋጋ አለው። የተሸነፈው ወገን መነሳት ሲጀምር ተቃራኒው ጎን በእጁ ያሰናብተዋል፣ ቻው ቻው እያለ በዜማ። ይህን ላለመስማት ብቻ እስከ መጨረሻው የሚቀመጥ ሰው አውቃለሁ። በሌላ በኩል ግርግር የተፈራ ቀን ልጅ ይዞ የመጣ አባት ሰማኒያኛው ደቂቃ ላይ ቢወጣ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ጠብና ድንጋይ ያየንባቸው ቀናት ነበሩ። የትኛው ወገን ጀመረው ለሚለው ሁለቱም መልስ አላቸው።

አሁን ስለ በሩ። በልጅነታችን ትኬት መግዣ ስለሌለን ስታዲየሙ ዙሪያ ቆመን እናዳምጥ ነበር። ውጤቱን የምናውቀው በጩኸቱ ነው። ረጅምና እየወፈረ የሚሄድ ጩኸት ከሆነ ጎል ነው፣ አጭር ሆኖ «እእእህ» ብሎ የሚወድቅ ከሆነ ብረት ነክቷል። የምንጠብቀው ግን ሌላ ነገር ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቸኳይ ሰዎች መውጣት ይጀምራሉ፣ በረኛው ለእነሱ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። አንድ ወፍራም ሰውዬ በሱፍ ኮት እየተነጫነጨ ሲወጣ እኛ በብብቱ ሥር እንገባለን። በረኛው አንዳንዴ ያባርረናል፣ አንዳንዴ ሌላ ቦታ ያያል። ገብተን አሥር ደቂቃ እናያለን። ቡድኑ በተመራ ቀን ብዙ ሰው ስለሚወጣ ብዙ ልጅ ይገባል። ያቺን አሥር ደቂቃ እንደ እኛ የጮኸባት ሰው ያለ አይመስለኝም። ሙሉውን ጨዋታ ያላየ ሰው አይደክመውም፣ ተስፋም አይቆርጥም። ስለ ድባብ ሲወራ ለሰውዬው ምስጋና ያቀረበ ባይኖርም የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጩኸት ከፊሉ የእሱ ሥራ ነው።

ለብሔራዊ ቡድኑ ማንም ቀድሞ ያልወጣበት ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ነው። ከዚያ በፊት በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈናል። ሒሳቡን ስታዲየም ያለው ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፦ 2 ለ 0 ብናሸንፍ ድምሩ 5 ለ 5 ይሆናል፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው እናልፋለን። የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች እረፍት የወጡት ያለ ጎል ነው። ከእረፍት መልስ አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰይድ ደገመ። ስታዲየሙ ተቀወጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ግን ከጎሎቹ የባሰ ነበር። ሱዳን አንድ ብታገባ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ማን ይነሳል? ሽንት የያዘውም አልተነሳም። 31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀን ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ሰው ከስታዲየሙ የወጣው ወደ ቤቱ ለመሄድ ሳይሆን መስቀል አደባባይን ለመሙላት ነው።

ከዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006፣ ናይጄሪያ መጣች። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የማጣሪያው የመጨረሻ ደረጃ ነበር። ሰዉ ለትኬትና ለቦታ ያደረው ውጭ ነው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ። በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ ሲያገባ የነበረው ጩኸት አይነገርም። ኢመኒኬ አቻ አደረገ። አንድ ለአንድ ባለቀ ነበር እየተባለ ዘጠናኛው ደቂቃ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ ያው ኢመኒኬ መታው። 2 ለ 1። የሚገርመው ከዚያ በኋላም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ራሱ ቁጭ ያለው ብዙ ነበር። በመልሱ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ቀረን።

ይህ ሁሉ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሌናርት ዮሃንሰን ባየርን ሙኒክ 1 ለ 0 እየመራ ዋንጫ ለመስጠት በሊፍት ወረዱ። ሜዳው ዳር ሲደርሱ ማንቸስተር ዩናይትድ በባከነ ሰዓት ሁለት አግብቶ አሸንፏል። ሰውየው አሸናፊዎቹ ለምን እንደሚያለቅሱ አልገባቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሊቨርፑል በሜዳው በክሪስታል ፓላስ 2 ለ 1 ሲመራ ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። አሠልጣኙ የርገን ክሎፕ ከጨዋታው በኋላ ያን ጊዜ ብቸኝነት እንደተሰማቸው ተናገሩ። ይህ ንግግር አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ዘንድ ሳምንት አከራክሯል። እነሱም ራሳቸው ዲኤስቲቪ ቤት ሆነው ቡድናቸው ሲበለጥ ሰማኒያኛው ደቂቃ ላይ ሒሳብ የሚከፍሉ ናቸው። ዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ ቆሞ በአንድ ዓይን የሚያይ ሰውም አለ፣ ወጥቻለሁ እንዳይል ገና ነው፣ አለሁ እንዳይልም ቦርሳውን ይዟል።

ከዚያ በኋላ የአገር ውስጡ ሁኔታ ተለወጠ። በ2012 ሊጉ በኮቪድ ምክንያት ተቋረጠ። ከ2013 ጀምሮ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩ፣ ቡድኖቹም ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ፣ አዳማ በመሳሰሉ ከተሞች እየተሰባሰቡ መጫወት ያዙ። አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ። ብሔራዊ ቡድኑም መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ አጥቶ ባለሜዳ የሚሆንባቸውን ጨዋታዎች በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፣ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች። አሠልጣኙ ያው ውበቱ አባተ ነበሩ። ከ1954ቱ ፍጻሜ 60 ዓመት በኋላ ያው ግብፅ። ካታንጋ ግን ያን ቀን ባዶውን አዲስ አበባ ተቀምጦ ነበር።

የክለብ ደጋፊው እንግዲህ መንገድ ለምዷል። የእኛ ልጆች አውቶቡስ ተከራይተው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳሉ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ድረስ እየጨፈሩ ይሄዳሉ። ቀድሞ መውጣት እዚያ አይሠራም። ሰማኒያኛው ደቂቃ ላይ ተናዶ የወጣ ሰው የሚጠብቀው የተቆለፈ አውቶቡስ ነው። ሾፌሩ ራሱ ስታዲየም ውስጥ ነው ያለው።