ዘመናዊ ገንዘብ፣ ባንክና የቦንድ ገበያ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስለ ባንክ አሠራር በአማርኛ የሚገኘው ወይ የመማሪያ መጽሐፍ ነው ወይ የዜና ቁራጭ። መሃሉ ባዶ ነው። ይሄ ዳሰሳ የተጠናቀረው ለዚያ ነው። የብሪታንያ ታሪክ ከሌላው በዝቶ ታገኙታላችሁ፤ ሰዎቹ መዝገብ አይጥሉም፣ ምን ይደረግ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡ የት ነው ያለው?

ብዙ ሰው ባንክን እንደ ጎተራ ያስበዋል። አንዱ ያስገባል፣ ለሌላው ከዚያው ተዝቆ ይሰጠዋል። እንዲህ አይደለም። 100 ሺህ ብድር ሲፈቀድላችሁ ማንም ሄዶ ካዝና አይከፍትም። መዝገብ ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል። በአንድ በኩል እናንተ ለባንኩ ያለባችሁ 100 ሺህ፣ በሌላ በኩል ሒሳባችሁ ውስጥ የገባ 100 ሺህ ተቀማጭ፣ ማለትም ባንኩ ለእናንተ ያለበት ዕዳ። ከአንድ ደቂቃ በፊት ያ ተቀማጭ የትም አልነበረም። ብድሩን ስትመልሱ ደግሞ በዚያው ልክ ይጠፋል። የብሪታንያ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የእንግሊዝ ባንክ በ2014 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ በግልጽ አስፍሮታል፤ በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ሕዝብና ድርጅቶች እጅ ከነበረው ገንዘብ 97 በመቶው የባንክ ተቀማጭ ነበር፣ ኖትና ሳንቲም 3 በመቶ ብቻ። ተቀማጭ ቀድሞ ገብቶ፣ ከዚያ እየተባዛ ብድር ይሆናል የሚለው የድሮ ትምህርት አሁንም ክፍል ውስጥ ይሰጣል። ስህተት ነው።

ታዲያ ባንክ ለምን እንደልቡ አያበድርም? አንደኛ፣ ብድሩ ሳይመለስ ከቀረ ኪሳራው መጀመሪያ የሚበላው የባለአክሲዮኖቹን ካፒታል ነው። ሁለተኛ፣ ተበዳሪው ገንዘቡን አስቀምጦ አያየውም፤ ይከፍልበታል፣ ተከፋዩም ሌላ ባንክ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ያኔ ባንኩ ለዚያኛው ባንክ መክፈል አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ራሱ የጻፈው ቁጥር አይበቃም።

ባንክ ለባንክ ሲከፍል

ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ ክሊሪንግ ላይ፣ ማለትም ባንኮች የእርስ በርስ ዕዳቸውን በሚያቻችሉበት ሥራ ላይ የሠራ ሰው ይረዳኛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የየባንኩ ተላላኪ ቼክ ተሸክሞ በየባንኩ እየዞረ ጥሬ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ያደክማል፣ ሌባም አለ። ልጆቹ መላ ዘየዱ። ሎምባርድ ጎዳና አካባቢ መጠጥ ቤት ይገናኙና ቼኮቹን እርስ በርስ ይለዋወጣሉ፣ ልዩነቱን ብቻ በገንዘብ ይዘጋሉ። አንዱ 900 የሚፈልግ፣ ሌላው 870 የሚፈልግ ከሆነ 30 ብቻ እጅ ይለውጣል፣ የቀረው በወረቀት ተቻችሎ ያልቃል። አለቆቻቸው መጀመሪያ አልወደዱትም ይባላል። በ1770ዎቹ ግን ባንኮቹ ራሳቸው ለዚሁ ሥራ ቦታ አዘጋጁ። ይህን ድንቅ ዘዴ የፈጠረው ሊቅ አይደለም፣ እግሩ የደከመው የባንክ ሠራተኛ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያቺ ልዩነት በእንግሊዝ ባንክ ባለው ሒሳባቸው ላይ መዘጋት ጀመረች። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። ባንኮች ማዕከላዊ ባንክ ዘንድ ሒሳብ አላቸው፣ እዚያ ያለው ገንዘብ መጠባበቂያ ይባላል፣ እኛ ለጎረቤት ባንክ ደንበኛ ስንልክ በመጨረሻ ከአንዱ ባንክ ሒሳብ ተቀንሶ በሌላው ላይ የሚደመረው እሱ ነው።

ማዕከላዊ ባንክ

በዕድሜ አንጋፋው የስዊድኑ ነው፣ 1668። የወረቀት ገንዘብ ቻይና ውስጥ ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ነበር። የለንደን ወርቅ አንጥረኞች የሰጡት ደረሰኝ ወደ ባንክ ኖት ተለወጠ የሚለው ታሪክም አለ፤ ሰፊ እውነት አለው፣ ሲተረክ ግን ሳይጋነን አይቀርም። የእንግሊዝ ባንክ በ1694 የተቋቋመው ለጦርነት ገንዘብ ያጠረውን መንግሥት 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በ8 በመቶ ወለድ ለማበደር ነው። ገንዘቡ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከሕዝብ ተዋጣ።

ዋናው ፈተና የመጣው ግን ግንቦት 1866 ላይ ነው። ኦቨረንድ ጉርኒ የሚባለው ትልቅ የለንደን አበዳሪ ድርጅት በሩን ዘጋ። በማግስቱ ከተማው በድንጋጤ ተናጠ፣ ሁሉም ገንዘቤን አለ። የእንግሊዝ ባንክ ኦቨረንድን አላዳነም። ለሌሎቹ ግን ደህና መያዣ እስካመጡ ድረስ አበደረ፣ ወለዱንም እስከ 10 በመቶ ሰቀለው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ጸሐፊ ዋልተር ባጆት በ1873 ይህንን ወደ መርህ ለወጠው፦ በድንጋጤ ጊዜ ማዕከላዊ ባንክ ሳይሰስት ያበድር፣ በከፍተኛ ወለድና በጥሩ መያዣ። ባንኩ ለኦቨረንድ የጨከነው የቆየ ቂም ስለነበረ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም።

አሜሪካ የራሷን ማዕከላዊ ባንክ ያቋቋመችው በ1913 ነው። ዶላር ከወርቅ ጋር የነበረው የመጨረሻ ገመድ ነሐሴ 1971 ተቆረጠ።

ቦንድና ወለድ

ቦንድ የብድር ወረቀት ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ወለድ ሲወጣ የቦንድ ዋጋ ይወርዳል። በዓመት 3 የሚከፍል፣ አሥር ዓመት የቀረው ባለ 100 ቦንድ ይዛችኋል እንበል። ነገ ገበያው ላይ አዲስ ቦንድ 5 መክፈል ጀመረ። የእናንተን በ100 ማን ይገዛዋል? 85 ገደማ ካገኛችሁ ነው። አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ቢሆን ግን 98 አካባቢ ይሸጥ ነበር። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ጉዳቱ ይከፋል።

አክሲዮን ሌላ ነው፣ ባለቤትነት እንጂ ብድር አይደለም። ገበያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አምስተርዳም ላይ ተጀመረ።

የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ውድቀት የዚሁ የቦንድ ስሌት ነው። ወለድ ዜሮ አካባቢ በነበረበት ጊዜ ከደንበኞቹ የጎረፈለትን ተቀማጭ ረጅም ጊዜ ባላቸው ቦንዶች ላይ አዋለ፣ ከ2022 ጀምሮ ወለድ ሲሰቀል የቦንዶቹ ዋጋ ወረደ። መጋቢት 8 ቀን 2023 ቦንድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን ተናገረ። በማግስቱ ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ለማውጣት ጠየቁ፣ አብዛኛው በስልክና በኮምፒዩተር። መጋቢት 10 ቀን ተዘጋ። የአሜሪካ የተቀማጭ ዋስትና ለአንድ ደንበኛ በአንድ ባንክ እስከ 250 ሺህ ዶላር ነው፣ የዚህ ባንክ ተቀማጭ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነበር። እሑድ ማታ መንግሥት ሁሉም ሙሉ በሙሉ ይከፈላቸዋል አለ። ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ገና አላለቀም። ሰኞ ጠዋት ግን ደንበኞቹ ገንዘባቸውን አገኙ።